የደመራው አወዳደቅ

በነፋስ የሚወዛወዝ የብርሃን ቅርፅ ሠርቶ ስለ ሩቅ ድንበር መናገር የዘመኑ ቀራፂዎች ጥበብ ቢመስልም፣ ኢትዮጵያውያን ብርሃንን ለነፋስ ሰጥተው የሩቁን አገር ዕጣ ማንበብ የጀመሩት ከጥንት ነው። መስከረም 16 ቀን፣ በመስቀል ዋዜማ፣ ችቦ (ተሰብስቦ የታሰረ ደረቅ ጭራሮ) በአንድ ምሰሶ ዙሪያ ተደግፎ በአደይ አበባ ያጌጠው ክምር ደመራ ይባላል፤ ስሙም «ደመረ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን ትርጓሜው የተደመረ፣ የተሰበሰበ ማለት ነው። በዓሉን ዩኔስኮ በ2006 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

ምሰሶው ተቃጥሎ የወደቀበት አቅጣጫ የመጪው ዘመን ምልክት ነው የሚል የቆየ እምነት ስላለ፣ በወለጋ፣ ኡኬ ወይም ነቀምት ላይ ሆኖ ደመራው ወደ ምዕራብ ሲያዘነብል የሚያይ ሰው ሐሳቡ እስከ ሱዳን ጠረፍ፣ ወደ ሰሜን ሲያዘነብል ደግሞ በኤርትራ ድንበር እስካለችው ባድመ ሊሄድ ይችላል። ወለጋ ለጠረፍ እንግዳ አይደለም፤ ቡናው በጋምቤላ በኩል በባሮ ወንዝ፣ ውኃው በሚሞላበት ወራት በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። ለዚህ ንግድ በር የከፈተው ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል የሱዳንን ወሰን የወሰነ ሲሆን፣ በዚያው ቀን ጣሊያንም የገባችበት ተጨማሪ ስምምነት የኤርትራን ምዕራባዊ ወሰን አሻሻለ። በተከታዩ ዓመት እንግሊዛዊው መኮንን ቻርልስ ግዊን የኢትዮጵያ ተወካይ በሌለበት የሱዳንን ወሰን መሬት ላይ አመለከተ፤ በዚሁ ወሰን ላይ ያለው የአልፋሽጋ ለም መሬት ክርክርም ከዚያ መነሻነት እየተንከባለለ በ2013 ዓ.ም. ዳግም ወደ ውጊያ አመራ። በ1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የባድመ ጦርነት ተነሥቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሕይወት ከቀጠፈ በኋላም፣ የሁለቱ አገሮች የድንበር ኮሚሽን ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ብይኑን ሲሰጥ ከተመረኮዘባቸው ሰነዶች አንዱ ያው ከመቶ ዓመት በፊት የተፈረመው ስምምነት ነበር።

ደመራ የሚወድቅበትን ወገን ነፋስ ብቻውን አይመርጥም፤ እርጥብ እንጨት በአንድ ጎን ከተከማቸ ያ ጎን ዘግይቶ ይነድዳል፣ ምሰሶው ያላግባብ ከተተከለ ቀድሞውኑ ያጋድላል፣ ነፋሱም የሚያደርገው ደማሪዎቹ ያዘጋጁትን መፈጸም ነው። የድንበር ግጭትም እንዲሁ በጠረፍ ሲነድድ ድንገተኛ ቢመስልም፣ መሬቱን የሚያርሰውና ከብቱን የሚያሰማራው ሕዝብ ሳይጠየቅ፣ ርቆ በተቀመጠ ጠረጴዛ ላይ አስቀድሞ የተደመረ ነው። ስለዚህ ከደመራው አወዳደቅ ምልክት የሚፈልግ ሕዝብ ዓይኑን ከአመዱ ይልቅ ወደ አደራደሩ ቢመልስ፣ ችቦውን ይዞ የመጣ ሁሉ በአወዳደቁ ድርሻ እንዳለው ይረዳል፤ የሚቀጥለው ደመራ ከመለኮሱ በፊትም በጠረፍ የሚኖረው ሰው የራሱን ችቦ ይዞ እንዲደምር ይጠራል።