የክትባት ዘመቻው ካለቀ በኋላ

የፖሊዮ ዘመቻ ሲመጣ ከ5 ዓመት በታች ያለው ልጃችሁ 2 ጠብታ በአፉ ይወስዳል፤ ጣቱ በቀለም ምልክት ይደረግበታል፤ ከታቢዎቹም ወደ ቀጣዩ ቤት ያልፋሉ። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን ከዚያ በኋላ ስላለው ነገር ነው።

ዘመቻው ሲያልቅ ቡድኑ ተሰብስቦ ሥራውን ይገመግማል። "ግምገማ" ሲባል ብዙዎቻችን ድንግጥ እንላለን (ምክንያቱን ታውቁታላችሁ)። ሰው ጥፋተኛ ልባል ነው ብሎ ከፈራ "ሁሉም ደህና ነበር" ብሎ ይወጣል። እኔ የምወደው አወያዩ የቡድኑ አለቃ ያልሆነበትን ስብሰባ ነው። የሚጠይቀው "የትኛው ቤት ተዘለለ? ለምን?" ብሎ ነው። ያኔ ቤት ለቤት ስትዞር የዋለችው ልጅ መናገር ትጀምራለች፦ እናትየዋ ገበያ ነበረች፤ ሕፃኑ ተኝቷል ተባልን፤ ከጓሮ ያሉትን ተከራዮች አላየናቸውም። በሚቀጥለው ዙር ቡድኑ አመሻሽ ላይ የሚመለሰው፣ የጓሮውም በር የሚንኳኳው ይህ ስለተነገረ ነው። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ፖሊዮ አንዴ ሽባ ካደረገ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

ታዲያ ልጃችሁ ከተዘለለ ለሰፈራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቶሎ ንገሯት። ምክንያቱንም አትደብቁ። "ተኝቶ ስለነበር እኔ ነኝ የመለስኳቸው" ብትሏት ለስብሰባው ትልቅ መረጃ ነው። ደግሞ የተኛን ልጅ ቀስቅሶ ማስከተብ ይቻላል፤ ቀለል ያለ ጉንፋንም ሆነ ከዚህ በፊት መከተቡ አያስቀረውም።