ቀሚሱ እንዲበቃን

ሦስት ነን። ጋዜጠኝነት አብረን ተምረን፣ አብረን ተመርቀን፣ አሁን ደግሞ መገናኛ አካባቢ አንድ ክፍል ቤት አብረን ተከራይተን እንኖራለን። (ያፋቀረን ኪራዩ ነው ብንል ይሻላል።) እናላችሁ፣ ባለፈው ዓመት አንዷ ጓደኛችን ልታገባ ሆነና "ሚዜ ሁኑኝ" አለችን። ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄደን ስንለካ ሴትየዋ ሜትሩን ወገባችን ላይ አዙራ ዝም አለች። ዝም ማለቷ ነው የገደለን! "ተመችቷችኋል" ብትለን እንኳ ይሻለን ነበር።

እኛ አገር ነገሩ ግራ ነው። ክፍለ ሀገር ቤተሰብ ልንጠይቅ ስንሄድ ቀጠን ካልን "ምነው ልጄ ከሳሽ፣ አሞሽ ነበር እንዴ?" እንባላለን። ሞላ ካልን ደግሞ "እሰይ፣ አዲስ አበባ ተስማማሽ" ይሉናል። ተመልሰን ታክሲ ውስጥ ስንገባ ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ" እያለ ዓይኑን ዳሌያችን ላይ ይጥላል። ለማን ብለን እንክሳ? ለማን ብለን እንወፍር?

ለማንኛውም ሰርጉ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ምን አደረግን መሰላችሁ? "አንድን ወሬ ከሁለት ምንጭ ሳታረጋግጡ እንዳትጽፉ" እየተባልን የተማርን ሴቶች፣ ቲክቶክ ላይ ያየናትን፣ ስሟን እንኳ የማናውቃትን ሴት በሁለት ደቂቃ አመንናት። ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውኃ፣ ምሳ አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ማታ አረንጓዴ ሻይ። እንጀራማ በዞረበት አትዙሩ!

በሳምንቱ አስፋልት ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች አንዱ ጋ ሄደን ተመዘንን። ሁለት፣ ሁለት ኪሎ ተኩል ቀንሰናል! እልል ልንል ምንም አልቀረን። በኋላ ስናነብ ግን ሰው ድንገት መብላት ሲያቆም መጀመሪያ የሚወርደው ኪሎ አብዛኛው ውኃ ነው። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ያስቀመጠው ስኳር ሲያልቅ አብሮት የያዘው ውኃ ይወጣል። ስቡ እኮ ገና ከቦታው አልተነሳም።

በሁለተኛው ሳምንት ቤታችን ፈረሰ። ጣሪያው አይደለም። ማታ ማታ ሽሮም ትሁን ምስር አንድ ትሪ ከብበን፣ የአለቆቻችንን ሐሜት እያወራን ነበር የምንበላው። አሁን ትሪ የለም፣ ስለዚህ ወሬም የለም። አንዷ ሻንጣዋ ውስጥ ብስኩት መደበቅ ጀመረች። ሌላዋ "ቢሮ በልቼ መጣሁ" ትላለች፣ ውሸቷን። አንድ ቀን በሻምፑ ምክንያት እስከ እኩለ ሌሊት ተጨቃጨቅን። በማግስቱ ጠዋት አንዳችን የታክሲ ሰልፍ ላይ ወደቀች። (ማን እንደሆነች ላንናገር ተስማምተናል።)

ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሙ ትልቅ ሰው ናቸው። "ምን በላሽ?" አሏት።

"ሎሚ።"

"ስንት ኪሎ ለመቀነስ ነው?"

"ሰባት። ሰርግ አለብን፣ አራት ሳምንት ነው የቀረው።"

"ሰባቱን ኪሎ በስንት ጊዜ ነው የጨመርሽው?"

ሦስታችንም መሬት መሬት አየን። ዩኒቨርሲቲ ከገባን ጀምሮ ነበራ! በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ከቀነሳችሁ በቂ ነው፣ ምግብ እየበላችሁ፣ አሉን። ለጨጓራዋም መድኃኒት ጻፉላት።

የዚያን ቀን ማታ ትሪው ተመለሰ። ምስር፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ እንጀራ። ጭማሪ በድምፅ ብልጫ ብቻ! ዘይቱን ግን ከጀሪካን ማፍሰስ ትተን በሾርባ ማንኪያ መለካት ጀመርን። አንዷ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ናት፣ እኛ ደግሞ ለአንድ ድስት ሽሮ ስንቱን እንደምናንቆረቆር ስናይ ደነገጥን። ለካ "ጾም ሲገባ እንከሳለን" እያልን ስንጠብቅ የምንወፍረው ወደን አይደለም።

ስኳሩማ ጉድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ቢቻል በቀን ከ25 ግራም፣ ማለትም ከስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ባይበልጥ ይመረጣል። እኛ በቀን ሦስት ማኪያቶ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ማንኪያ። ኮታው እዚያው አለቀ! የጠዋቱ ሻይና ለስላሳው ገና አልተቆጠሩም።

ሌላው እግራችን ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ ስንወጣ ከአራት ኪሎ በእንግሊዝ ኤምባሲ በኩል እስከ መገናኛ በእግር እንመጣለን፣ አንድ ሰዓት ግድም። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ሥራ የእግረኛ መንገዱን ስላሰፋው ሦስታችን ጎን ለጎን ሆነን ማማት እንችላለን። ያለ ሐሜት አንዘልቀውም ነበር።

ሰርጉ ሲደርስ አንዷ ሁለት ኪሎ፣ አንዷ አንድ ተኩል፣ አንዷ ምንም። በፍርሃት ቀሚሱን ልንለካ ሄድን። ልክክ አለ! ለካ ሴትየዋ ያን ቀን ዝም ያለችው ስፌቱ ውስጥ ምን ያህል ትርፍ ጨርቅ እንደምትተው እያሰላች ነው። "ሚዜ ሁሉ እከሳለሁ ይላል፣ እኔ ግን እተዋለሁ" አለችን እየሳቀች።

ክትፎውን አልዘለልነውም።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር ሆነን። ሁለታችን አምስት አምስት ኪሎ ቀንሰናል። ሦስተኛዋ አንድ ኪሎ ብቻ፣ ግን አራተኛ ፎቅ ያለው ቢሮዋ ድረስ ሳታለከልክ ትወጣለች። ባለፈው ቅዳሜ አስፋልት ዳር ያለው ልጅ ጋ ስንመዘን "ሚዛንህ ተበላሽቷል" ብላ ተጣላችው። "እህቴ ሙት፣ ትክክል ነው" ብሎ ማለላት።