ያልተቆጠረችው የዊልሞትስ ጎል

በ1994 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ (በፈረንጆቹ 2002) እኛ ቤት ሁሉም ብራዚል ነበር። አባቴ ደግሞ የሁሉም አለቃ። እኔ ብቻ ቤልጂየምን ያዝኩ። ለምን ብትሉኝ መልሴ አንድ ሰው ነው፦ አማካዩ ማርክ ዊልሞትስ።

ሰውየው አብዶ ሠሪ አልነበረም። የሻልከ 04 ደጋፊዎች «ተዋጊው አሳማ» ይሉት ነበር። እኛ ጋ ቢሆን ያጣላል፤ እዚያ ግን ሙገሳ ነው! እ.ኤ.አ. በ1997 ሻልከ ኢንተር ሚላንን አሸንፎ የዩኤፋን ዋንጫ ሲወስድ የመጀመሪያውን ጨዋታ ብቸኛ ጎል ያገባው እሱ፣ ሳን ሲሮ ላይ የማሸነፊያዋን ሪጎሬ የመታውም እሱ። በ2002 ደግሞ ጃፓን ላይ በመቀስ ምት፣ ቀጥሎ ቱኒዚያ ላይ፣ ቀጥሎ ሩሲያ ላይ አገባ። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ጎል።

ከዚያ ኮቤ ላይ ብራዚል መጣች። ገና 0 ለ 0 እያሉ ዊልሞትስ ከተከላካዩ በላይ ዘሎ በቴስታ አገባ። ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ዳኛው ግን ጥፋት ብሎ ሻረው። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አባቴ ብቻ አላጨበጨበም። «ይሄማ ጎል ነው» አለ።

በሁለተኛው አጋማሽ ሪቫልዶና ሮናልዶ አገቡ፤ 2 ለ 0። ለዊልሞትስ በአገሩ ማልያ የመጨረሻው ጨዋታ ሆነ። ዳኛው በእረፍት ሰዓት ምስሉን አይቶ ይቅርታ እንደጠየቀው በኋላ ተናግሯል። ይቅርታው ግን ጎሉን አልመለሰለትም።

ይሄን ሁሉ የማወራው ስለ ኳስ ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አብዛኛውን ጓደኛዬ የሠራውን ጥናት መምህራችን የእኔ መስሎት ክፍሉ ፊት አመሰገነኝ፤ ትልቁንም ማርክ ለእኔ ሰጠኝ። ዝም አልኩ። ጓደኛዬም ዝም አለ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን አብረን ሻይ ጠጥተን አናውቅም።

ባለፈው ወር ደወልኩለት። «ያኔ ጥፋተኛው እኔ ነበርኩ» አልኩት። ትንሽ ቆየና «አውቃለሁ፤ እስክትለው ነበር የጠበቅኩት» አለኝ። ቅዳሜ ሻይ ልንጠጣ ተቀጣጠርን።

ስልኩን ስዘጋ አባቴ ትዝ አለኝ። እኔ ዓመታት የፈጀብኝን ነገር እሱ በገዛ ቡድኑ ላይ፣ ጨዋታው ሳያልቅ ነበር የተናገረው።