ከዱቦ እስከ ዓባያ ሐይቅ ቀዛፊዎች

የቀዘፋ ማኅበር በተባለ ጊዜ አብዛኛው አንባቢያችን የሚያስበው እንግሊዝን ነው፤ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ተማሪዎች በአውሮፓ አቈጣጠር በ1829 የጀመሩት ሽቅድድም በዓለም የታወቀ ነውና።

በዱቦ በእንሰት ጥላ ሥር ላደገ ሰው ሐይቅ የሩቅ ወሬ ነው። ነገር ግን በአረካና በሶዶ አልፈን፤ የዳሞታን ተራራ ወደ ኋላ ትተን፤ በሁምቦ በኩል ወደ ቈላው ስንወርድ ዓባያ ይታያል። በዚያም መዝገብና ዋንጫ የሌላቸው ቀዛፊዎች አሉ።

በሐይቁ ውስጥ ባለችው በጊዲቾ ደሴት ባይሶና ሐሮ የሚባሉ ሁለት ሕዝቦች ጎረቤት ሁነው ኖረዋል። ሐሮዎች በቀድሞ ዘመን ጉማሬ አዳኞችና ዓሣ አጥማጆች ስለ ነበሩ ያለ ታንኳ ኑሮ አልነበራቸውም። ታንኳው ወጎሎ ይባላል፤ የሚሠራውም ኢሶኬ ከተባለ እጅግ ቀላል እንጨት ሲሆን አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ያለ ነው። ለማያውቀው ሰው የሚታመን አይመስልም፤ ሆኖም ከብት ሳይቀር ያሻግራል።

ቦተጎ የተባለ ኢጣሊያዊ በ1888 ዓ.ም. ሐይቁን በንግሥቱ በማርጌሪታ ስም ቢጠራውም፤ ስሙ ከወረቀት አላለፈም።

ውሃው ቀይ የሆነው ብላቴና ሌሎች ወንዞች የደጋውን አፈር አጥበው ስለሚያወርዱበት ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ እንቦጭ ገብቶበታል። ከደሴቱም ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ምዕራቡ ዳር ተሻግሮ በአልጌና በሺግማ ሰፍሯል፤ በመኪና መንገድ አጠገብ የሚያድግ ልጅም የወጎሎን ሥራ የሚማርበት ምክንያት እያነሰ ሄዷል።