አስፋልቱ የማን ነበር

ውርጌሳን የማታውቃት ከሆነ፣ ወዳጄ፣ አልፈርድብህም። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትጓዝ ውጫሌን አልፈህ መርሳ ሳትደርስ የምታገኛት ከተማ ናት፤ እንቅልፍ ሸለብ ካደረገህ ጭራሽ ሳታያት ታልፋለህ። ብዙ ሾፌርም ሳያያት ነው የሚያልፈው። ከውጫሌ በኩል ሲመጣ ጠመዝማዛው አንጀቱን አቁስሎታል፣ ሰዓቱን በልቶበታል፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ መንገዱ ፈታ ይልለታል፣ የተበላበትን ሰዓት እኛ ላይ ሊያስመልስ ይነሳል።

ለእኛ ግን ያ መንገድ ግቢያችን ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን መሠረቱን የጣለው መንገድ ነው፤ ከተማዋ ግራና ቀኙን ይዛ አደገች እንጂ ሌላ አደባባይ አልነበራትም። ወፍጮ ቤት የሚኬደው በእሱ፣ ትምህርት ቤት በእሱ፣ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም፣ ሠርግም ለቅሶም በእሱ ነው። በገበያ ቀን ከቆላ ከደጋው የሚመጣው ሰው አህያውን፣ ግመሉን፣ ፍየሉን እየነዳ ሲገባበት ጥቁሩ አስፋልት አይታይም ነበር።

እኔን ያሳደገችኝ አያቴ ናት፤ እምዬ ነው የምላት። ቤታችን አስፋልቱ ዳር ስለሆነ በረንዳው ላይ ቡና ታፈላ ነበር። ዛሬም የቡና ቁርስና የባሕር ዛፍ ጭስ በሸተተኝ ቁጥር፣ አብሮ የሚመጣብኝ የተቃጠለ የፍሬን ሸራና የናፍጣ ሽታ ነው። ሁለቱ በልጅነቴ ተለያይተው አያውቁም። እምዬ መኪናውን ከጓሮ ሆና በድምፁ ትለየዋለች። «ይሄ ኤንትሬ ነው፣ ተሳቢ አለው። ይሄ አይሱዙ ነው፣ ልጆቹን ጥሯቸው!» ክላክሱን አንዴ ነካ አድርጎ ቀስ ብሎ ያለፈውን ደግሞ ሳታየው ትመርቀዋለች፤ «ይሄ የሰው ልጅ ነው» ትላለች። ብዙ ጊዜ በረንዳዋ ላይ አረፍ ብሎ ቡናዋን የቀመሰ ሾፌር ነበር። የልጆቿን ስም ያወቀ ሰው በበሯ ላይ አይበርም፤ ይህን እኔም እያደግሁ አስተውዬዋለሁ። የሚበሩት ስማችንን የማያውቁት ነበሩ።

ሳይክል የገባን ያኔ ነው። አንድ ሰው ከኮምቦልቻ ጥቂት የቻይና ሳይክሎች አምጥቶ ማከራየት ጀመረ። ጥቁር፣ ከባድ፣ ኮርቻቸው የሚንጫጫ። የሱቁ በር ላይ ማስቲሽ ይሸታል፤ ሁልጊዜ አንድ ከጎማ ተጎልጉሎ የወጣ ከመነዳሪ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ይነከር ነበር፣ አረፋ የወጣበትን ቦታ ባለቤቱ በምራቁ ምልክት ያደርግበታል። ኪራዩ በዙር ነው። ቁመታችን ኮርቻው ላይ ስለማያደርሰን እግራችንን በብረቱ መሀል አሹልከን፣ ሰውነታችንን ወደ ጎን ሰብረን እንነዳለን። ዙሩ ቶሎ እንዳያልቅ አንሰጋም፤ የምንሰጋው ጓደኛችን ከእኛ ቀድሞ እንዳይመለስ ነው። ሳይክል የያዘ ልጅ ሁሉ ነፋስ ይሆናል።

ታዲያ ጠቡ ከዚህ ይጀምራል። ጀሪካን ያዘሉት ሴቶች በደወላችን ይደነግጣሉ፣ «ዐይንህ አያይም? ምነው ብትሰበር!» ይላሉ። እኛ ደግሞ ከኋላ አይሱዙ በክላክስ ሲያስደነብረን ጠጠር ላይ ወርደን ረዳቱን እንሰድባለን። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ እኛንም ሴቶቹንም አህያውንም አንድ ላይ ይሰድባል። እግረኛው ሳይክለኛውን፣ ሳይክለኛው ሾፌሩን፣ ሾፌሩ ሁሉንም። የየእለት ሙዚቃችን ይህ ነበር፤ እንደ ጠብም አንቆጥረውም።

ከሾፌሮቹ አንዱን አልረሳውም። ከአሰብ እህል እየጫነ የሚመላለስ፣ ጢሙ የሸበተ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ በ77ቱ ድርቅ ዘመን እርዳታ ያመላለሰበትን ፊያት ያኔም ይዞ ነበር። አንድ ቀን እኔና ጓደኛዬ በሳይክል ከመኪናው ፊት እየተሽሎከለክን ስናስቸግረው አይቶ፣ ቡናውን አስቀምጦ ጠራን። እኔን ወደ ጋቢናው አወጣኝ። ጓደኛዬን ከመኪናው ፊት፣ ፓራውልቱ ስር አቆመው።

«ጓደኛህን ታየዋለህ?»

አንገቴን ሰገግ አደረግሁ። አላየሁትም። የሚታየኝ መስተዋት፣ ከመስተዋቱ በላይ የተሰቀለ መቁጠሪያ፣ ከዚያ ማዶ አስፋልቱና የገበያው ሰው ነው። ከዚያ ከፍታ ላይ ሰው ሁሉ የቆመ ይመስል ነበር፤ እየተራመደ መሆኑን ለማወቅ ትኩር ብለህ ማየት አለብህ። ጓደኛዬ ከታች እየሳቀ ይጮሃል፤ ድምፁ ይሰማኛል፣ እሱ የለም።

«እኔም አላየውም» አለ ሰውዬው። «ሾፌሩ አይቶኛል እያልክ ነው የምትገባው። ተሳቢ የሚጎትት መኪና ደግሞ ባይህም ወዲያው አይቆምልኝም።» ከዚያ ወርዶ ቡናውን ጨረሰ። እምዬ «አንተ ግን ለምን ቀስ ብለህ ታልፋለህ?» ብትለው፣ «የአንቱ ቡና እንዳይቀርብኝ ነው» አላት። እሷ ሳቀች፤ እሱ ግን የሳቀ አይመስለኝም።

ጓደኛዬ ካደገ በኋላ ትምህርቱን ለግማሽ ቀን እየተማረ ግማሹን ዳቦ ያደርስ ነበር። ከኪራይ ሳይክሎቹ አንዱን ባለቤቱ በርካሽ ሸጠለት። ከኋላው የእንጨት ሳጥን አስሮ፣ ሞቅ ያለ ዳቦ ሞልቶ፣ ጎህ ሲቀድ ደወሉን እያንቃጨለ በየሱቁ ያድላል። ከሱ በፊት ሽታው ይደርስ ነበር። ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት፣ ዶልፊን ሚኒባስ ከውጫሌ በኩል መጣ። አንዲት ሴት ዘንጋዳ የጫነች አህያዋን ልታሻግር አስፋልቱ መሀል ነበረች። ሾፌሩ ሴትየዋን ላለመግጨት መሪውን ጠመዘዘ። ጥግ ይዞ ይሄድ የነበረው ጓደኛዬ ነው።

ወልድያ ሳይደርስ አረፈ።

ዳቦው አስፋልቱ ላይ እንደተበተነ ዋለ። ያን ቀን ገበያው ውስጥ የራበው ሰው፣ ልጅም ነበረ፤ አንድም ሰው አላነሳውም።

ሾፌሩ ሮጦ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ እጁን ሰጠ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው ዛሬም ያመኛል፤ ከሞቱ ያልተናነሰ የጎዳን ክርክሩ ነው። ሾፌሩ ሳይክሉ አስፋልት ላይ ምን ይሠራል አለ። ሳይክል አከራዩ አህያዋ ናት አለ። አንዳንዱ ደግሞ ያቺን ምስኪን «በአንቺ ምክንያት» አላት፤ ሴትየዋ ከዚያ ወዲያ ወደ ገበያው መምጣት ተወች። ስለ ፍጥነቱ መጀመሪያ ላይ የተናገረ ሰው አልነበረም። ፍጥነቱ እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚመጣ ነገር ነበር ለእኛ።

ስለ ፍጥነቱ የተናገሩት ሴቶቹ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ላይ ከነበሩት ሴቶች መሀል እምዬ ተነስታ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች አስፋልቱ መሀል ሄዳ ተቀመጠች። ሌሎቹ ተከተሏት፤ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም። አውቶቡሱ፣ ተሳቢው፣ አይሱዙው ወደ ውጫሌም ወደ መርሳም ተሰለፈ። ወንዶቹ ድንጋይ ደረደሩ። የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በከተማችን ውስጥ ቀስ ብላችሁ እለፉ። ብዙ ዓመት ቆይቼ በሆላንድም እንዲሁ መሆኑን ሳነብ ልቤ ደነገጠ፦ በ1971 እ.ኤ.አ. በዚያች አገር ከ400 በላይ ሕፃናት በመኪና አደጋ ሞተው፣ ወላጆች «የሕፃናት ግድያ ይቁም» ብለው መንገድ ዘጉ። የዛሬዋ የሳይክል አገር ሆላንድ ከዚያ እንባ ነው የተወለደችው። እነሱን መንግሥታቸው ሰማቸው። የእኛዎቹን አንድ ሽማግሌ ለምነው አስነሷቸው።

እርቁ በአበጋር፣ በወሎ ባህላዊ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ነው የተፈጸመው። ያኔ የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ አልነበረም፤ አዋጁ የወጣው በ2000 ዓ.ም. ነው፤ በ2005 የተካው አዋጅ ቁጥር 799 ደግሞ ለሞተ ሰው ከ5,000 እስከ 40,000 ብር የሚል ልክ አስቀመጠ። ለጓደኛዬ እናት እሱም አልደረሰላትም። በዛፍ ጥላ ስር ሾፌሩ ከቤተሰቡ ጋር መጥቶ ቆመ፤ ገና ልጅ ነበር፣ ከእኛ ብዙም አይበልጥም። አበጋሩ ካሳውን ከመናገራቸው በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቁት።

«ያን ቀን መርሳ ማን ይጠብቅህ ነበር?»

ልጁ ብዙ ዝም አለ። «ማንም» አለ። «ሌላው ዶልፊን እንዳይቀድመኝ ነው።»

የጓደኛዬ እናት ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ እስከዚያ ድረስ ዐይኗ ደርቆ ነበር።

የሰፈሩ ወጣቶች አፈርና ድንጋይ ቀላቅለን በከተማው መግቢያ ጉብታ ሠራን። ሾፌሮች ስፒድ ብሬከር ነው ብለው ሳይወዱ በግድ ቀዝቀዝ ይሉበት ጀመር። ብዙም አልቆየ፤ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ በማሽን ተጠረገ። ልክ ነው፣ ምልክት የሌለው ጉብታ ማታ ላይ ሰው ይገለብጣል። ግን በምትኩ ሌላ አልተሠራልንም። በ2003 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 208 ወጥቶ በከተማ ክልል የትንሽ መኪና ጣሪያ 60 ኪሎ ሜትር መሆኑ ተጽፎ ነበር። 60 ራሱ ለእንዲህ ያለች ከተማ ብዙ ነው፤ በ80 የሚመጣው ደግሞ በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል፣ እምዬ «ልጆቹን» ብላ «ጥሯቸው» ሳትል በሯን አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ65 የተገጨ እግረኛ በ50 ከተገጨው ይልቅ የመሞት አደጋው ከአራት እጥፍ በላይ ነው። አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ! ሾፌሩ ከመርሳ በፊት በዚያች አሥራ አምስት የሚያተርፈው አንድ ስኒ ቡና ለመጠጣት እንኳ አይበቃም።

በ2014 መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ደጃችን ሲደርስ፣ ያ መንገድ ከሲቪል መኪና ጸዳ። ከእኛ ወገን የቀሩት እንደነገሩኝ የአስፋልቱ ዝምታ ከተኩሱ እኩል ያስፈራ ነበር። ስለዚያ ዘመን ሌላ ቀን እጽፍልሃለሁ። እምዬ ቀድማ ሄዳለች፤ አላየችውም።

ከጦርነቱ በፊት፣ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ፣ በ2011 «መንገድ ለሰው» የተባለው ከመኪና ነጻ ቀን ሲጀመር ልጆቼን ይዤ መስቀል አደባባይ ወጣሁ። ትንሿ ሳይክል ተከራይታ አስፋልቱ መሀል ለመሀል ስትሄድ፣ እግረኛውም ሳይቆጣት፣ እሷም ማንንም ሳታስደነግጥ፣ ደስታም ቅናትም ያዘኝ። በወር አንድ እሑድ፣ ለጥቂት ሰዓት፣ በዋና ከተማ። ለውርጌሳ የምመኘው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ከመግቢያዋ እስከ መውጫዋ 30 ኪሎ ሜትር የሚል ምልክት፣ በትክክል የተሠራና የተቀባ ጉብታ፣ ለእግረኛ የሚሆን ጥግ። ይኸው ነው።

ባለፈው ለተዝካር ውርጌሳ ስሄድ ከመናኸሪያ ባጃጅ ያዝሁ። ልጁ ይበር ነበር። «የኔ ወንድም፣ ቀስ በል፣ ሰው አለ» አልሁት።

«ጋሼ፣ እንዴት ቀስ ልበል? ከኋላዬ ሲኖ ነው ያለው» አለኝ፤ መስተዋቱን በአገጩ እያሳየኝ።

ዞር ብዬ አየሁ፤ እውነቱን ነው። ሰው ቀይ ሽብር ብሎ ስም ያወጣለት ሲኖ ትራክ ክላክሱን ሳይለቅ ጀርባችን ላይ ተለጥፏል። ሲኖው ካልቀዘቀዘ ባጃጁ አይቀዘቅዝም፤ ባጃጁ ካልቀዘቀዘ ሳይክለኛው ጥግ አያገኝም፤ ሳይክለኛው የሚገባው ሴቶቹ መሀል ነው። ቀስ በል ማለት ያለብን ከትልቁ ጀምሮ ሆኖ ሳለ እኔ ለባጃጅ ሾፌር እየነገርሁ ነበር። ልጁ መሪውን ወደ ጠጠሩ ሰብሮ አሳለፈው። ማገዶ የተሸከመች አንዲት እናት በአቧራው መሀል ዘላ ጥግ ያዘች፤ ቀና ብላ የረገመችው እኛን ነው። ሲኖው መርሳ ሊደርስ ነበር።