ኮሩን እንጂ ዋቱን የሚጠይቅ የለም

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ኮምፒውተር ሊገዛ የገባን ሰው ሻጩ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ "ኮር ስንት ይሁንልህ?" ገዢውም "አይ ሰቨን" ይላል። ውይይቱ በዚሁ ያልቃል። የስንተኛው ትውልድ አይ ሰቨን እንደሆነ የሚጠይቅ ከመጣ ሻጩ ቀና ብሎ ያየዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው አይ7-2600 የ95 ዋት ዕቃ ነው። በ2022 የወጣው አይ3-12100 የ60 ዋት ነው፤ በሥራ ግን ታናሹ ታላቁን ጥሎት ይሄዳል። ዋጋ የሚጠራው ግን በስሙ ነው።

"ስንት ዋት ይወስዳል?" የሚል ገዢ እስካሁን አልገጠመኝም። ፎቶ ኤዲት ለሚያደርግበትና ማታ ማታ ጌም ለሚጫወትበት የሶዶ ሰው ግን ከሁሉም የሚቀድመው ይኸው ነው። ሙቀቱም፣ የፋኑ ጩኸትም፣ ዩፒኤሱ የሚያቆየው ደቂቃም የሚመጡት ከዋቱ ነው።

*

ጎኑም ፊቱም መስታወት የሆነ፣ ውስጡ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እየተፈራረቀ የሚበራ ሲፒዩ ሁልጊዜ ሱቁ በር ላይ ይቀመጣል። አየር የሚገባበት ቀዳዳ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፤ ፋኖቹም አየር ሲያጥራቸው ይጮኻሉ። ደንበኛው መብራቱን አይቶ ፍጥነቱን ያየ ይመስለዋል። ከኋላ መደርደሪያው ላይ ፊቱ ወንፊት የሆነ ጥቁር ሣጥን አለ። በዋጋም በድምፅም ያነሰ እሱ ነው፤ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።

*

"ድምፅ የሌለው ኮምፒውተር" ሲባል የሚስቁ አሉ። በደጅ ባጃጅ ያልፋል፣ መብራት ሲሄድ የጎረቤት ጄኔሬተር ይነሳል፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንኳን ፋን ስልክም አይሰማ። ውጭ አገር ዴሲቤል የሚለኩት ድምፅ በማይገባበት ክፍል ውስጥ ነው፤ እዚህ ምን ይጠቅማል?

ሳቁ ለቀን ልክ ነው። ፎቶ አንሺው ግን ቀኑን ካሜራ ይዞ ሲዞር ይውላል፤ ኤዲት የሚያደርገው ሌሊት ነው። ብዙዎቹ ፎቶ ቤት የላቸውም። ጠረጴዛው ልጆች የሚተኙበት ክፍል ጥግ ላይ ነው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ ባጃጁም ጄኔሬተሩም ሲያቆሙ ቤት ውስጥ የሚሰማው ያ ፋን ብቻ ይሆናል። "አንተ፣ ያንን ነገር አጥፋውና ተኛ" የሚለውን ድምፅ ያልሰማ ኤዲተር ካለ ላጤ ነው።

*

ፋን ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፤ ለጆሮ ይህ ከግማሽ በላይ ቅናሽ ነው። ለዚህ ነው ቀስ ብሎ የሚዞር ባለ 120 ወይም ባለ 140 ሚሊ ሜትር ትልቅ ፋን እየተቻኮለ ከሚሽከረከር ትንሽ ፋን የሚሻለው።

ከፍታውም አለ። ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ወደ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ ያንኑ ያህል ዞሮ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ታይፔ ውስጥ ተፈትኖ "ቀዝቃዛ፣ ጸጥተኛ" የተባለ ዕቃ እዚህ ሲመጣ ትንሽ ይሞቃል፣ ትንሽም ይጮኻል። ዳሞታን በእግሩ የወጣ ሰው ነገሩን በሳንባው ያውቀዋል።

*

ግልገል ጊቤ ሦስት ኦሞ ወንዝ ላይ፣ በወላይታና በዳውሮ መካከል ነው የቆመው። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነበር፤ ኃይሉም የሚመጣው ወደ ሶዶ ማከፋፈያ ነው። ወደ ኬንያ የሚሄደው የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም መነሻው ሶዶ ነው። 1,045 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሱስዋ የሚባል ቦታ ይደርሳል፤ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል። ይህን ሁሉ ብረት እያየ ያደገ ልጅ ማታ ፎቶሾፕ ከፍቶ ሳለ መብራት ይሄድበታል። ጣጣው የሚመጣው ከግድቡ ሳይሆን ሰፈር ውስጥ ካለው ትራንስፎርመርና ከእንጨት ምሰሶው ነው።

ስለዚህ ዩፒኤስ ይገዛል። ተራው ዩፒኤስ 650 ቪኤ ተብሎ ይሸጣል፤ በዋት ሲታይ 360 ወይም 390 ነው። በውስጡ ያለችው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ናት፤ ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት። ከዚያ ላይ የሚባክነው ተቀንሶ፣ 100 ዋት የሚወስድ ማሽን ሩብ ሰዓት ያህል ይቆይበታል። ሙሉ ኃይሉን የሚጠቀም የ400 ዋት ጌሚንግ ማሽን ሲሰካበት ከነጭራሹ ይጮህና ይጠፋል። ገዢውም "ዩፒኤሱ ፎርጂድ ነው" ብሎ ይመልሰዋል።

ጩኸት ካልን ዘንድ፣ ቤቱን የሚቀሰቅሰው ብዙ ጊዜ ይኸው ዩፒኤስ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ጢጥ ጢጥ ይላል። አንዳንዶቹ ላይ ቁልፉን ጥቂት ተጭኖ በመያዝ ድምፁን ማጥፋት ይቻላል። መመሪያውን አንብቦ ያጠፋ አላየሁም፤ ትራስ የደረበበት ግን አይቻለሁ።

*

መብራት ሲመጣ ከሄደበት ጊዜ የባሰ አደጋ አለው። ዲቫይደሩን ነቅሎ ጥቂት ደቂቃ የሚታገሥ ሰው ፓወር ሰፕላይ ቶሎ ቶሎ አይቀይርም።

*

በበጋ ቀዩ አቧራ ሲፒዩ ውስጥ ይገባና በሙቀት ማብረጃው ክንፎች መሃል ይጋገራል። አምና ድምፁ የማይሰማ ኮምፒውተር ዘንድሮ እንደ ወፍጮ ቤት የሚጮኸው ለዚህ ነው። ጎሚስታ ዘንድ ወስደው በኮምፕሬሰር የሚያስነፉ አሉ። ፋኑን በጣት ሳይዙ ካስነፉት ከልኩ በላይ ይሽከረከርና ኩሽኔቱ ይበላሻል። የጎሚስታ አየር ደግሞ ውኃ አያጣም።

*

የፎቶ ሥራ የሚደራረብበት ጊዜ የታወቀ ነው፤ መስከረም ላይ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ፣ ጥር ላይ ሰርግ፣ ክረምቱ መግቢያ ላይ የዩኒቨርሲቲ ምርቃት። ከአንድ ሰርግ 2,000 ጥሬ ፎቶ ቢወጣ፣ እያንዳንዱም 30 ሜጋ ባይት ገደማ ቢሆን፣ 60 ጊጋ ባይት ነው። ይህን የሚያንቀራፍፈው አብዛኛውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ አይደለም። 8 ጊጋ ራም ሲሞላ ፎቶሾፕ ትርፉን ዲስክ ላይ ያራግፋል፤ ዲስኩ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ኤዲተሩ ቡና አፍልቶ ይመለሳል። ሃርድ ዲስኩም ሲሠራ ሲንኳኳ ያድራል። 32 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ገዝቶ ሃርድ ዲስኩን ለማኅደር ብቻ ማስቀረት ፍጥነትም ጸጥታም ይሰጣል።

"ለፎቶ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግም" የሚባለው ለረጅም ጊዜ እውነት ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ላይትሩም ውስጥ የመጣው ዲኖይዝ ነገሩን ለወጠው። አዳራሽ ውስጥ በደብዛዛ መብራት፣ አይኤስኦ 6400 ላይ የተነሳን የሙሽሮች ጭፈራ ደህና ካርድ ያለው በሰከንዶች ያጠራዋል። ደህና ካርድ የሌለው አንዱን ፎቶ ደቂቃዎች ይጠብቃል። ጌም የሚፈልገው ታናሽ ወንድምና ኤዲት የሚያደርገው ታላቅ በገንዘብ ጉዳይ የተስማሙት ከዚያ ወዲህ ነው።

*

የወላይታው ባህላዊ ልብስ ዱንጉዛ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ነው። ቢጫው በአሮጌ ቲኤን ሞኒተር ላይ ቀና ብለው ሲያዩት ሌላ፣ ጎንበስ ብለው ሲያዩት ሌላ ነው። አልበሙ ታትሞ ሲመጣ ደግሞ ሦስተኛ ቢጫ ይዞ ይመጣል። ከዚያ ማተሚያ ቤቱ ይወቀሳል። ገንዘቡን ሁሉ ሲፒዩ ላይ ጨርሶ ሞኒተሩን ከቢሮ ዕቃ ላይ የሚያነሳ ፎቶ አንሺ፣ ሥራውን የሚያይበትን ዓይን በርካሽ ገዛ ማለት ነው። አይፒኤስ የሆነ ሞኒተር ይቅደም፤ ካርዱ ዓመት ቢዘገይ ችግር የለውም።

*

ፈጣን ኮምፒውተር ያመጣው ጣጣ አለ። ድሮ ፊት ማሳመር ሥራ ስለሆነ ለሙሽራዋና ለሙሽራው ብቻ ነበር። ዛሬ በአንድ ቁልፍ ሁለት ሺሁም ፎቶ ይነጣል። የሙሽራዋ ፊት ነጥቶ አበባ የያዘው እጇ ጠይም ሆኖ የቀረበት አልበም ብዙ ቤት ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አለ።

*

ጌም ቤት ጆይስቲክ ይዞ ያደገ ልጅ ካርድ ሲያገኝ ሁሉንም ማስተካከያ እስከ ጥግ ይገፋዋል። ሞኒተሩ በሰከንድ 60 ምስል ብቻ ያሳያል፤ ካርዱ 180 ያመርታል። የማይታየው 120 ወደ ሙቀትና ወደ ጩኸት ይሄዳል። በካርዱ ማስተካከያ 60 ላይ ቢገደብ ፋኑ ረገብ ይላል፣ ጨዋታው ያው ነው። "ለእኔ ይዘገይብኛል" የሚል ይኖራል፤ እሱ መጀመሪያ የ144 ኸርዝ ሞኒተር ይግዛ።

ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 ብቻውን 100 ጊጋ ባይት ቦታ ይጠይቃል፤ ከአንድ ሰርግ ጥሬ ፎቶ ይበልጣል። ዲስኩ ሲሞላ መጀመሪያ የሚደለተው ግን ሁልጊዜ የሰው ሰርግ ነው።

*

ያገለገሉት የቢሮ ኮምፒውተሮች፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ለሶዶ ኪስ የሚቀርቡት እነሱ ናቸው። ድምፃቸው ዝቅተኛ ነው፤ ጠንካሮችም ናቸው። ትንንሾቹ ሞዴሎች ግን ፓወር ሰፕላያቸው 200 ዋት አካባቢ ነው፤ መሰኪያውም የራሳቸው ስለሆነ ሌላ ገዝቶ መለወጥ አይሆንም። ትልቅ ካርድ በቁመትም በኃይልም አይገባቸውም። ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ፣ 75 ዋት ብቻ የሚወስድ አጭሩ ጂቲኤክስ 1650 ግን ይገባል። ለፎቶና ለእግር ኳስ ጌም ይበቃል፤ ሰው ይንቀዋል እንጂ።

የተሠሩበትን ዓመት ግን ማየት ነው። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። የዓለም ቢሮዎች የጣሉትን 6ኛና 7ኛ ትውልድ "ስላይትሊ ዩዝድ" ብሎ የሚሸጥ ሻጭ ይህን አይነግርህም።

*

"ዴስክቶፕ ለምን? ላፕቶፕ ባትሪ አለው" የሚለው ክርክር ሶዶ ውስጥ ክብደት አለው። ጌሚንግ ላፕቶፕ መብራት ሲሄድ አይጠፋም። ግን ከጩኸት ሁሉ የከፋው የእሱ ነው፤ ሁለቱ ትንንሽ ፋኖች ያን ሁሉ ሙቀት በጠባብ ቀዳዳ ይገፋሉ። ሲበላሽም አንድ ላይ ነው የሚበላሸው። የዴስክቶፕ ፋን ሲሞት ፋን ይገዛል።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ገበያ የገባው ማክ ሚኒ ኤም4 ደግሞ ቢበዛ 65 ዋት ነው የሚወስደው፤ ድምፁም ከመጤፍ አይቆጠርም። ፎቶ ብቻ ለሚሠራ ሰው ሌላ ባላስመርጠው እወዳለሁ። ታናሽ ወንድም ያለበት ቤት ግን አይሆንም፤ ጌሙ ጥቂት ነው።

*

ምረጥ ብባል፦ ራይዘን 5 7600 ወይም አይ5-12400፣ ሁለቱም የ65 ዋት ናቸው። አርቲኤክስ 4060፣ 115 ዋት። አርቲኤክስ 3060 12 ጊጋ ሜሞሪ ስላለው ይፈተናል፤ ግን 170 ዋት ነው፣ ልዩነቱ ሌሊቱን ሙሉ ይሰማል። 32 ጊጋ ራም፣ 1 ቴራ ኤስኤስዲ፣ ፊቱ ወንፊት የሆነ ሣጥን፣ ባለ 120 ሚሊ ሜትር ማብረጃ። ጌም ላይ ሁሉም ተደምሮ 250 ዋት ገደማ ነው፤ ያ ተራ ዩፒኤስ ሳይጠፋ የሚሸከመው። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ግን መቆጠብ የለም፤ ርካሹ ሲሄድ ሌላውን ይዞ ነው የሚሄደው።

ያገለገለ 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ ትልቅ ኢንቴል በርካሽ ሲያገኙ መጠርጠር ነው። የቮልቴጅ ችግር እንደነበረባቸው ኩባንያው ራሱ በ2024 እ.ኤ.አ. አምኖ ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዝሟል። ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ሶዶ ለደረሰ ዕቃ ያን ዋስትና ማን ያስከብርለታል?

*

በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በአንድ ቀን 74 ገባ፤ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ከዚያ ወዲህ "ዋጋው የዛሬ ነው" የሚለው የሻጭ ቃል ከሰላምታው ጋር ይመጣል።

*

አብዛኛው ዕቃ ከአዲስ አበባ በመኪና ተጭኖ ነው የሚመጣው፤ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ። ግራፊክስ ካርዱ ወደ አንድ ኪሎ ይመዝናል። እንደተሰካ ከተጫነ በየጉድጓዱ እየዘለለ የማዘርቦርዱን መሰኪያ ይሰብራል። ይህን የሚያውቅ ገዢ ስልክ ይደውላል።

"ወንድሜ፣ ካርዱን ነቅለህ በካርቶኑ ላክልኝ።"

"ገጣጥሜ፣ ፈትሼ ብልክልህ አይሻልም? እዚያ ማን ይሰካልሃል?"

ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ላለው ከተማ ይህ ጥያቄ ትንሽ ያስቆጣል።

"ሁለት ብሎን ነው ወንድሜ፤ እኛው እንሰካዋለን።"