ከወንበር የመውረድ ነገር

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል የአገሬ ሰው። ብዙዎቻችን ይህን ብሂል የምንጠቅሰው ሙስናን ለመንቀፍ ነው። እኔን ግን ዘወትር የሚከነክነኝ «ሲሻር» የሚለው ቃል ነው። ተረቱ ሹመት መሻር እንዳለበት ያውቃል፤ ማን እንደሚሽር፣ በምን ጥፋትና በማን ፊት እንደሚሽር ግን አይነግረንም። ታሪካችንም ቢሆን ይህን በቅጡ የመለሰልን አይመስለኝም።

ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ከነካቢኔያቸው ሥልጣን ለቀቁ። መልቀቃቸው ግን አላዳናቸውም፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ስልሳ ያህል ሰዎች አንዱ ሆኑ። እርሳቸውን የተኩት እንዳልካቸው መኰንንም በዚያው ዕለት አብረው ወደቁ። ሃያ ሁለት ዓመት አልፎ፣ በ1989 ዓ.ም.፣ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ታምራት ላይኔ በምክር ቤት ፊት ከሥልጣን ተነሡ። ኋላም ዐሥራ ስምንት ዓመት ተፈርዶባቸው ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል በእስር አሳለፉ።

ከተማችን ሐዋሳም ድርሻዋን አይታለች። የደቡብ ክልል ርዕሰ መስተዳድር የነበሩት አባተ ኪሾ በ1993 ዓ.ም. ገዢው ግንባር ለሁለት በተከፈለ ጊዜ ከወንበራቸው ወርደው በሙስና ተከሰሱ፤ ታሰሩም። ጠቡ ባይነሣ ኖሮ ክሱ ይነሣ ነበርን? ይህን ያኔ በሹክሹክታ እንጠያየቅ ነበር።

በወንበሩ የተተኩት በአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ያስተማሩት መሐንዲስ ኃይለማርያም ደሳለኝ ናቸው። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በሐዋሳ የአስተዳደር ጉዳይ ተቃውሟቸውን ሊያሰሙ የወጡ የሲዳማ ተወላጆች ሎቄ ላይ በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ወደቁ። ርዕሰ መስተዳድሩ እስከ 1998 ዓ.ም. በቦታቸው ቆዩ። በ2003 ዓ.ም. ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ መለስ ዜናዊ ካረፉ በኋላም በመስከረም 2005 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ከዚያ የተቃውሞው ዘመን መጣ። ኦሮሚያና አማራ በሰልፍና በሐዘን ታመሱ። የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ኃይለማርያም የመፍትሔው አካል ለመሆን ሲሉ ሥልጣን መልቀቃቸውን አስታወቁ። የዚያን ምሽት ዜናውን አብረውን ያዳመጡ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን «ለመሆኑ ማን ነው ያወረዳቸው?» ሲሉ ጠየቁ። «ማንም አላወረዳቸውም አባባ፤ በገዛ ፈቃዳቸው ነው» ብንላቸው ሳያምኑን ዝም አሉ። አልፈረድሁባቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዩት ሹም ወይ ይረሸናል፣ ወይ ይታሰራል፣ ወይ ይሰደዳል። መጋቢት 24 ቀን ግን ተሰናባቹ ጠቅላይ ሚኒስትር በምክር ቤቱ አዳራሽ ሥልጣናቸውን አስረክበው በሰላም ወደ ቤታቸው ሄዱ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሆኖም መልቀቅና መጠየቅ አንድ አይደሉም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 12 ማንኛውም ኃላፊ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ አንቀጽ 55 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሳይቀር ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሰጣል። ሹሙ በወንበሩ ላይ ሳለ፣ በአደባባይ፣ ለጠያቂ መልስ ይስጥ ማለት ነው። እኛ ያየነው ግን ወይ የጥይትን ቁጣ፣ ወይ የጓዶችን ጠብ፣ ወይ የጨዋ ስንብትን ነው።

የሲዳማ ሕዝብ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በድምፁ ክልልነቱን ወሰነ፤ ሐዋሳም የክልሉ ርዕሰ ከተማ ሆነች። በሎቄ ልጇን ያጣች እናት ጥያቄ ግን በድምፅ መስጫ ሣጥን የሚመለስ አይደለም። ሹም ቢረሸን ወይም ቢታሰር እርሷን አያጽናናትም፤ በክብር ቢሰናበትም አይመልስላትም። እርሷ የምትሻው «ማን አዘዘ?» ብላ ስትጠይቅ ቆሞ የሚመልስላት ባለ ወንበር ነው። እንዲህ ያለውን ቀን እስክናይ ድረስ፣ በአገራችን ሹሞች ይሻራሉ እንጂ አይጠየቁም።